ለሕፃናት የምንሰጠው ስጦታ ምን ይናገራል?

(በቆቦ ከተማ ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን በነሐሴ ወር የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ነሐሴና መስከረም በእኛ ዘንድ የልጆች ወራት ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን ወንዶች ልጆች ቡሄ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ። መስከረም 1 ቀን ሴቶቹ አበባ፣ ወንዶቹም የሣሉትን ሥዕል ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ባህል ስለሆነ ልንነቅፈው አልመጣንም። ጥያቄያችን እኛን ትልልቆቹን የሚመለከት ነው፦ ለሕፃን ስጦታ ስንመርጥ በስጦታው ምን እንነግረዋለን?

ስጦታ ይናገራልና። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ባቀረቡ ጊዜ፣ አባቶቻችን ወርቁን ለንግሥናው፣ ዕጣኑን ለክህነቱ፣ ከርቤውን ለሞቱ ብለው ተርጉመውታል። ስጦታው የሕፃኑን ማንነት መሰከረ። እኛም ስንሰጥ “አንተ ይህ ነህ፤ አንቺ ይህ ነሽ” እያልን ነው።

የራሳችንን ስሕተት እናስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልንጀሮቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን በቆላው ለሚኖሩ ሕፃናት የበዓል ስጦታ ገዛን፤ ለወንዶቹ ኳስ፣ ለሴቶቹ ትንንሽ የፕላስቲክ ስኒዎች። አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ስኒዎቹን በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ከነሣች በኋላ፣ “ስኒስ ቤትም አጥባለሁ” አለችን። ዓይኗ ከወንድሟ ኳስ ላይ ነበር። እኛ ጨዋታ የሰጠናት መስሎን ነበር፤ ለካስ ሥራዋን አሳንሰን ሰጥተናት ኖሯል።

በራያ ቆላ የሕፃናት ሥራ አስቀድሞ የተከፈለ ነው። ሴቷ ጀሪካን ይዛ ውኃ ትቀዳለች፤ ታናሿን ታዝላለች። ወንዱ ከብት ይጠብቃል፤ ማሽላው ሲያሽት ወፍ ያባርራል። ቤተሰብን መርዳት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጨዋታውም ያንኑ ድርሻ የሚደግም ከሆነ፣ ሕፃኑ የቀረውን ችሎታውን በምን ይሞክረው? ኳስ አካልን ያጠነክራል፤ መተባበርን ያለማምዳል። አሻንጉሊት መንከባከብን፣ ዕንጨት እየደረደሩ መሥራት ልክና ሚዛንን ያስተምራል። ከእነዚህ መካከል ለወንድ ብቻ ወይም ለሴት ብቻ የሚያስፈልግ የትኛው ነው? ዛሬ መንከባከብን ያልተለማመደው ወንድ ልጅ ነገ አባት ይሆናል። በቅዱስ መጽሐፍም ራሔል የአባቷን በጎች ስትጠብቅ፣ ያዕቆብም የምስር ወጥ ሲሠራ እናገኛቸዋለን።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የዴንማርኩ መጫወቻ አምራች ሌጎ በ2021 እ.ኤ.አ. ምርቶቹን ከተዛባ የጾታ አመለካከት ለማጽዳት እንደሚሠራ አስታውቋል። በአገራችንም “ጸሐይ መማር ትወዳለች” የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይ ለማወቅ የምትጓጓ ሴት ቀጭኔ ናት፤ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ይከታተሏታል።

ታዲያ ምን እንምረጥ? አስቀድመን ዕድሜውን እንይ፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አፉ ውስጥ ሊከተው የሚችል ትንሽ ነገር አይሰጥ። ቀጥለን ልጁን ራሱን እንይ፤ በምን ይደሰታል? ስለ ምንስ ይጠይቃል? ባለ ሥዕል መጽሐፍ፣ ደብተርና ባለ ቀለም እርሳስ፣ ኳስ፣ የመዝለያ ገመድ፣ ገበጣ ለሁሉም ይሆናሉ። ገንዘብ ያጠረን እንደሆነ፣ ከአናጢ ቤት የተረፈ የዕንጨት ቁራጭ ተሞርዶ ግሩም መጫወቻ ይሆናል። ጭቃ ሲያቦኩም ሴቷ በሬ ብትሠራ፣ ወንዱ ምድጃ ቢሠራ አንከልክል። አሻንጉሊት የምትወድ ልጅንም አሻንጉሊቷን አንቀማትም፤ የምንመክረው እንድንጨምርላት እንጂ እንድንቀንስባት አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ስሕተታችንን ልናርም ለዚያች ልጅ ኳስ ወሰድንላት። ቆይተን ስንጎበኛት ኳሱን የሚመታው ወንድሟ ነበር፤ እርሷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። ያን ጊዜ ስጦታችን ጎዶሎ እንደ ነበር ተረዳን፤ መጫወቻ ሰጠናት እንጂ መጫወቻ ጊዜ አልሰጠናትም። ከእናቷ ጋር ተመካከርን፤ ውኃው በተራ እንዲቀዳ ተስማሙ። ወንድሟ መጀመሪያ አኮረፈ። ቆይቶ ግን ጀሪካኑን ሞልቶ ፈጥኖ መመለስን ለመደ፤ ያለ እርሷ ጨዋታው አይሞላለትምና።

እንግዲህ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ ለልጃችሁ የምትችሉትን ስጡ፤ ከዚያም ጋር የምትጫወትበትን አንድ ሰዓት ጨምሩላት። ያ ሰዓት ከገበያ አይገዛም፤ ጀሪካኑን ከእጇ የሚቀበላት ሰው ብቻ ይፈልጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።