ሳይጠሩት አቤት ስለሚሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተር እንደ አዲስ ይነሣል። ከፒያሳ እስከ ማራኪ ባሉት የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች ማመልከቻ አስጻፊው ቆሞ ይጠብቃል። መኪናው ሲዘገይ ወዲያው «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ በዚያው የእድሩ መዝገብ፣ የልጆቹም ፎቶግራፍ ይጠፋል። እኛ የምንለው፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይታይ ነው።

ብዙው ፕሮግራም ሲጫን፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን ያስመዘግባል። ቴሌግራሙ፣ ስፖቲፋዩ፣ ቲምሱ ሳይጠሩት አቤት ይላል! ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሻሙበታል። ሜሞሪውንም ይዘው ይቀመጣሉ፤ 4 ጊጋባይት ብቻ ላለው ይኽ ቀላል ሸክም አይደለም።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። በዊንዶውስ 10ና 11 ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ከሚመጣው ታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» የሚለውን መክፈት፤ የማይፈለገውን መርጦ «ዲስኤብል» ማለት ነው። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስንፈልገው ራሳችን እንከፍተዋለን። ሐሳብ ቢለወጥ «ኢኔብል» ይመልሰዋል።

ፀረ ቫይረሱን ግን አደራ እንዳትነኩ! የድምፁንም እንዲሁ። የአማርኛ መጻፊያው ከዝርዝሩ ከተገኘ ይቆይ፤ አለዚያ ጠዋት ባለጉዳይ ፊት ፊደል ፍለጋ ነው። ምንነቱን የማናውቀውን ሳናጣራ አንንካ።

ይኽ ሁሉ ተደርጎ ካልፈጠነ ዲስኩ እየደከመ ሊሆን ይችላልና፣ ሌላ ነገር ከመሞከር በፊት ሰነዱን በፍላሽ ገልብጡ።