የመዝገብ ምስክርነት

(በጅቡቲ ከተማ፥ በሀራሙስ፥ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 2019 ታላቅ ዝናም ጅቡቲ ከተማን ባጥለቀለቀ ጊዜ፥ አንድ ዕጩ መምህር «የዓለም ሙቀት ጨምሯል የሚባለው እውነት ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ጅቡቲ ድሮም ሞቃት አገር ናት» ብዬ አለፍሁት። ይህ ማምለጫ እንጂ መልስ አልነበረም። ዛሬ በዚህ በባሕር ዳር ሠፈር ዕዳዬን ልክፈል፤ ዘመኑንም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ በአንድ ቀን የታወቀ አይደለም። በ1859 የአየርላንዱ ሊቅ ጆን ቲንዳል የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን እንደሚይዙ በሙከራ አሳየ። በ1896 የስዊድኑ ስቫንቴ አሬኒየስ ይህ ጋዝ ቢበዛ ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አሰላ፤ ነገር ግን ጊዜው እጅግ ሩቅ ስለ መሰለው አልሰጋም፤ እንዲያውም ለብርዳማ አገሮች በረከት አድርጎ ቈጠረው። ሌሎችም «ትርፉን ጋዝ ባሕር ይውጠዋል» ብለው ተዘናጉ።

በ1938 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጋይ ካለንደር የ147 ጣቢያዎችን የሙቀት መዝገብ አሰባስቦ ምድር መሞቅ መጀመሯን ቢያመለክት፥ ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። ጥርጣሬውን እያደር ያሸነፈው የትዕግሥት ልኬት ነው። በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ በማውና ሎአ ተራራ ላይ አየሩን መለካት ሲጀምር፥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ በ2024 ከ420 በላይ ሆነ። በ1988 መንግሥታት ይህን የሚመረምር የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋሙ፤ በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የውል ሰነድ ፈረሙ። በ2009 በኮፐንሀገን ጉባኤ ላይ፥ ጢሱን ጥቂት ለቅቃ ጉዳቱን ብዙ ስለምትሸከመው አፍሪካ የተናገሩት የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ።

ወዳጆቼ፥ አንድ ጎርፍ ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም፤ የብዙ ዓመት መዝገብ ግን ይሆናል። ካለንደር የሰበሰበው ስማቸው ያልተጠራ ትጉሃን በየቀኑ የጻፉትን ቍጥር ነው። እንግዲህ በየትምህርት ቤታችን አንድ ቴርሞሜትርና አንድ መዝገብ ይኑር፤ ተማሪዎች በየቀኑ፥ በተወሰነ ሰዓት፥ በጥላ ሥር ለክተው ይጻፉ። ያ ዕጩ መምህር ዛሬ ራሱ ያስተምራል፤ ነገ ተማሪዎቹ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁት እንደ እኔ ከማምለጥ ይልቅ መዝገቡን ገልጦ ያሳያቸው።