ሸረሪት የማሳ ዘብ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ግድብና ስለ ቦይ ሲናገር መስማት የተለመደ ነው። ስለ ሸረሪት ሲናገር ግን ከሙያው የወጣ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ የመስኖ እርሻ የምንነድፈው፣ የመርጫ መሣሪያ የምንመርጠውና የቦይ ዳር የምናስመነጥረው እኛ ስለሆንን በማሳ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት ዕጣ በከፊል የምንወስነውም እኛው ነን።

ሸረሪት በተለምዶ ከነፍሳት ጋር ትቆጠር እንጂ ስምንት እግር ያላት፣ ክንፍ የሌላት፣ ራሱን የቻለ ወገን ናት። በሳይንስ የተመዘገቡት ዐይነቶች ከ50,000 በላይ ናቸው። ሁሉም ድር አድርተው አያጠምዱም፤ ብዙዎቹ በመሬት ላይ እየሮጡ ወይም አድብተው ያድናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ የዓለም ሸረሪቶች በየዓመቱ ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚመዝን ምግብ፣ ይኸውም በአብዛኛው ነፍሳትን፣ እንደሚበሉ ገምቷል። ከዚህ የሚበዛው የሚበላው ግን በደንና በሣር ምድር ነው። ዘወትር በሚታረስና መድኃኒት በሚረጭበት ማሳ ድርሻቸው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሸረሪት ትጠቅማለች ወይ ሳይሆን፣ እንድትጠቅመን ቦታ ሰጥተናታል ወይ የሚል ነው።

ለዚህ የኢንዶኔዥያ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ አገር የሩዝን አገዳ እየመጠጠች የምታደርቅ ቡናማ ጥቃቅን ተባይ አለች። መንግሥት ለፀረ-ተባይ መድኃኒት ድጎማ እየሰጠ ገበሬው በብዛት ቢረጭም ተባዩ ከመጥፋት ይልቅ ባሰበት። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ተባይዋ እንቁላሏን በተክሉ ሥጋ ውስጥ ስለምትሰውር መድኃኒቱ አያገኘውም፤ በአገዳው ሥር እየተዘዋወረች የምታድናትን ሸረሪት ግን ይገድላል። እንቁላሉ ሲፈለፈል ጠላት የሌለበት ማሳ ይጠብቀዋል። ይህም ከታወቀ በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. 57 ዐይነት መድኃኒቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ፤ ድጎማውንም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. አቆመ። ገበሬዎችም በማሳቸው ላይ ተባይንና የተባይን ጠላት ለይተው መቁጠርን ተማሩ። የመድኃኒቱ ፍጆታ ሲቀንስ የሩዝ ምርት አልወደቀም።

እርግጥ ሸረሪት ሁሉን አትችልም። መራጭ ስላይደለች ንብንም ትይዛለች፤ እርስ በርሷም ትበላላለች። ተባይ እንደ ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ቁጥሯ በዚያው ፍጥነት አይበዛም። ጥቅሟ ቀድማ በመገኘቷ ላይ ነው፤ ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ በማሳው የሚርመሰመሱ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳትን እየበላች ትቆያለች። በእኛ ቋንቋ፣ ጎርፉን የምትገታ ግድብ ሳትሆን የውሃውን ከፍታ አስቀድማ የምትቆጣጠር በር ናት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በቦይና በድንበር ላይ ያለው ሣር በሙሉ በአንድ ጊዜ አይመንጠር፤ ገሚሱ ይቆይ፤ ሸረሪት ከዚያ ተነሥታ ወደ ማሳው ትመለሳለችና። ሁለተኛ፣ ርጭት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ማሳው ታይቶና ተቆጥሮ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ለአዲስ እርሻ የወጪ ስሌት ስናዘጋጅ የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ያለ መሸፈኛ የሚረጨውን ሠራተኛ ጤንነት፣ ከቦይ በታች ሰውና ከብት የሚጠጡትንም ውሃ እናስብ።

በፎገራ የሩዝ ማሳም ሆነ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ይህን ለመሞከር አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ስለ ሰው ኅብረት ነው። እኛ ደግሞ ድሩን ሳንበጥስ ብንተው ተባይን ለማሰር ያግዘናል።