ድንኳንና ጎረቤት፤ ከካምፓላ ኮረብቶች ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ምሳሌ



ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት ግቢ አውጥቶ ለጥቂት ቀናት በድንኳን ማሳደር ለአካል ጤንነትና ለአእምሮ መታደስ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ስለሆነ፥ ስለዚያ ዛሬ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ችላ የተባለው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የድንኳን ኑሮ ከሁሉ አስቀድሞ የጉርብትና ኑሮ መሆኑ ነው። የድንኳን ግድግዳ ሸራ ነው። ሸራም ነፋስን ቢያግድ እንኳ ሳቅን፥ ጠብን፥ የሕፃን ልቅሶንና የማገዶ ጢስን አያግድም። በቤቱ ሳለ ጎረቤቱን በዓመት አንድ ጊዜ የማይጠይቅ ሰው፥ ድንኳን በተከለባት ሌሊት የጎረቤቱን ሳል ሲቈጥር ያድራል። ስለዚህ «ድንኳኔን ወዴት ልትከል?» የሚለው ጥያቄ የምቾት ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የጎረቤት ጥያቄ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከካምፓላ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም፤ የዛሬይቱ ካምፓላ ከአንድ መኰንን ድንኳን የተወለደች ከተማ ናትና። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ዓመት የቡጋንዳ ንጉሥ፥ ማለት ካባካው፥ መናገሻውን ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ኮረብታ እያዛወረ ይኖር ነበር። መናገሻው በተዛወረ ቊጥር ሰፈሩ እንደ አዲስ ይቀየሳል፤ ቅየሳው ግን እንደ ዘፈቀደ አልነበረም። የየአውራጃው ሹም አጥሩን የሚያጥረው ወደ አውራጃው በሚወስደው መንገድ በኩል ነበርና፥ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የማን ግቢ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም ነበር።

ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ ሰሚ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛ ሰው የሚኖርበትን መንደር «ሰፈር» የሚያሰኘው ቃል ጦር የሚሰፍርበትንም ቦታ የሚያመለክተው ያው ቃል ነው፤ «ከተማ» የሚለውም ስም ንጉሡ ከተመ ሲባል ከሚነገረው ጋር አንድ ነው። በጥንቱ ሰፈር የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፥ ቀኛዝማቹ በቀኝ፥ ግራዝማቹ በግራ፥ ደጀኑ በኋላ ይሰፍራል። ዛሬ እንደ ማዕርግ ብቻ የሚታወሱት እነዚህ ስሞች በመጀመሪያ የጦርና የሰፈር ቦታ ምልክቶች ነበሩ። ሠራዊቱ በጨለማ ቢደርስ እንኳ እያንዳንዱ ሰው ካስማውን ወዴት እንደሚተክል ያውቅ ነበርና፥ «ይህ ቦታ የእኔ ነው፥ ያ የአንተ ነው» የሚል ጠብ እምብዛም አይነሣም። አዲስ አበባም የተመሠረተችው በዚህ ልማድ ነው። በ1886 እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን፥ ሠራተኛ ሰፈርንና እነዚህን የመሰሉትን ስሞች ዛሬም ከተማይቱ ይዛቸው ትኖራለች።

ወደ ካምፓላ እንመለስ። በታኅሣሥ 1890 የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ መልእክተኛ የነበረው ሻምበል ፍሬድሪክ ሉጋርድ ከጥቂት ወታደሮች ጋር ወደ ካባካ ሙዋንጋ መናገሻ ወደ ሜንጎ ደረሰ። ንጉሡ እንደ አገሩ ልማድ እንግዳው የሚሰፍርበትን ቦታ አሳየው። ቦታው ግን ረባዳና ርጥበት ያለበት ነበር። ሉጋርድም የተሰጠውን ቦታ ትቶ፥ ካምፓላ ወደሚባለው፥ ወደ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደሚያይ ኮረብታ ወጥቶ ድንኳኑን ተከለ። ስሙ ኢምፓላ ከሚባለው የዱር እንስሳ የመጣ ነው ይባላል።

እዚህ ላይ ፍርድ ሳያዳሉ መስጠት ይገባል። ስለ ጤና ከሆነ የሉጋርድ ምርጫ ትክክል ነበር። በካምፓላ ኮረብቶች መካከል ያሉት ሸለቆዎች በዚያን ጊዜ ደንገል የበቀለባቸው ረግረጎች ነበሩ፤ ትንኝም ይበዛባቸዋል። ድንኳንን በረባዳ ቦታ መትከል ከትንሽ ዝናብ በኋላ በውኃ ላይ መተኛት መሆኑን ማንኛውም የስካውት ልጅ ያውቃል። ከፍ ያለውን ስፍራ በመውደዱ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት «እዚህ እደር» ሲለው እንግዳው «አይሆንም፥ እዚያ አድራለሁ» ብሎ በራሱ ፈቃድ መውጣቱ፥ የወጣበትም ኮረብታ የባለቤቱን ደጅ ከላይ የሚመለከት መሆኑ፥ ለንጉሡ ምን ማለት እንደነበረ ለመገመት አያዳግትም። «ቦታው ረጥቧልና ሌላ ይሰጠኝ» ብሎ መጠየቅ አንድ ቀን ቢያስፈጅ ነበር። ሰፈሩ ብዙም ሳይቈይ ምሽግ ሆነ። በጥር 24 ቀን 1892 በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል በሜንጎ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ከዚያው ኮረብታ የማክሲም መትረየስ ተተኰሰ፤ ንጉሡም ሸሸ። ለጦርነቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁሉንም በአንድ ድንኳን ላይ መጫን የታሪክ አጻጻፍ አይደለም። የሰፈሩ አቀማመጥ ግን በሰፋሪውና በባለአገሩ መካከል ምን ዓይነት ጉርብትና እንደሚኖር ከመጀመሪያው ቀን አመልክቶ ነበር።

ይህን ጦርነት ይበልጥ የሚያሳዝነው፥ እርስ በርሳቸው የተተኳኰሱት ወገኖች ገና ከስድስት ዓመት በፊት የአንድ እሳት ሰማዕታትን ያፈሩ መሆናቸው ነው። ሰኔ 3 ቀን 1886 ከካምፓላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በናሙጎንጎ ቻርልስ ሉዋንጋና ጓደኞቹ በእሳት ተቃጥለዋል። በዚያን ዘመን በጠቅላላው ከሞቱት 45 ክርስቲያኖች መካከል 22ቱ ካቶሊኮች፥ 23ቱ አንግሊካውያን ነበሩ። ከእነርሱም በፊት በካባካ ሙቴሳ ዘመን እስላሞች ስለ ሃይማኖታቸው ተገድለዋል።

ስለ ድንኳን ኑሮ መማር የሚፈልግ መምህር ታዲያ ወደ ናሙጎንጎ ይሂድ። በየዓመቱ ለሰኔ 3 ቀን በዓል ምእመናን ከኡጋንዳ አውራጃዎች ሁሉ፥ ከኬንያ፥ ከታንዛኒያ፥ ከሩዋንዳና ከኮንጎም ጭምር፥ ብዙዎቹ በእግራቸው ለቀናትና ለሳምንታት ተጒዘው ይመጣሉ። በመንገድ ላይ የሚያድሩት በአብያተ ክርስቲያናትና በትምህርት ቤቶች ነው፤ መምህራን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በዓሉ ከመድረሱ ከብዙ ቀን አስቀድሞ ሜዳው በድንኳን፥ በላስቲክና በምንጣፍ ይሸፈናል። ከበዓሉ በኋላ ዳግመኛ የማይገናኙ፥ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች፥ ራስና እግር ገጥመው ይተኛሉ። በኢትዮጵያ የቁልቢን፥ የግሸንን ወይም የላሊበላን ጒዞ ያየ፥ ወይም በከተራ ሌሊት በጃን ሜዳ ያደረ ሰው ሁኔታውን ሳይነገረው ያውቀዋል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር የሰው ምርጫ ልዩ ልዩ መሆኑ ወዲያው ይገለጣል። አንዱ ቅዳሴውን በቅርብ ለማየት ሲል በሕዝብ መካከል ተጨንቆ ማደርን ይመርጣል፤ ሌላው ርቆ በጸጥታ መጸለይን ይወዳል። ሽማግሌው የዛፍ ጥላ ይሻል፤ ጐልማሳው ሌሊቱን በመዝሙር ማንጋትን ይሻል። ሁሉም ምርጫ በራሱ መልካም ነው። ጒዳቱ የሚመጣው የአንዱ ምርጫ የሌላውን ሲሽር ነው። የሚዘምረው ወገን ራቅ ቢል፥ የሚተኛውም የበዓል ሌሊት እንደ ቤቱ ሌሊት ጸጥ እንዲል ባይጠብቅ፥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። እንደዚህ ያለ ስምምነት በጽሑፍ የሚደነገግ አይደለም፤ ሰዎች ገና ምንጣፋቸውን ሳይዘረጉ «እንደምን ዋላችሁ፤ እዚህ ብንሆን እናስቸግራለን?» ብለው ሲጠያየቁ ይገኛል። ባጋንዳዎች ሰላምታን አስረዝመው የሚሰጡ ሕዝቦች ናቸው፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ጒዳዩን የጀመረ ሰው እንደ ባለጌ ይቈጠራል። አማርኛ ተናጋሪም በዚህ አይደነቅም።

ይሁን እንጂ ናሙጎንጎን ያለ ነቀፋ ማሞገስ አይቻልም። ካቶሊኮችና አንግሊካውያን በዓሉን በአንድ ቀን ቢያከብሩም መቅደሶቻቸው ሁለት ናቸው። ቦታዎቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ሁለቱ ሰፈሮች ለየብቻ ይውላሉ። ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1969፥ ጳጳስ ፍራንሲስ ደግሞ በ2015 የአንግሊካኑን መቅደስ ሄደው መጐብኘታቸው፥ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠየቅ እንደሚገባው የታወቀ ለመሆኑ ምስክር ነው። አጥሩ ግን እንዳለ ነው።

ይህ የአጥር ነገር ወደ ትምህርት ቤቶች ያመጣል። ከካምፓላ በስተ ደቡብ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፥ ካዚ የሚባል የኡጋንዳ ስካውቶች ብሔራዊ የሰፈር ቦታ አለ፤ ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ልጆች በዚያ ድንኳን ይተክላሉ። ኢትዮጵያም ይህን ዓይነት ትምህርት የምታውቅ አገር ናት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስካውት በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነበርና። በማናቸውም አገር ቢሆን ትምህርት ቤቶች በአንድ ሜዳ ሲሰፍሩ የተለመደው አሠራር አንድ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ሄዶ ለራሱ ተማሪዎች የተሻለውን ጥላ ይይዛል፤ ገመድም ይዘረጋል፤ «ከዚህ ገመድ ወዲያ ማንም እንዳያልፍ» ብሎ ያዝዛል። ልጆቹ ሦስት ቀን ከርመው ሲመለሱ ከሌላው ትምህርት ቤት የአንድ ልጅ ስም እንኳ አላወቁም። መምህሩ ለተማሪዎቹ ተቈርቊሮ ነው፤ ነገር ግን ሉጋርድ በኮረብታው ላይ ያደረገውን በትንሹ አስተምሯቸዋል።

የስካውት መሥራች ሎርድ ቤደን ፓወል በነሐሴ 1907 በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ሰፈር ሲያቋቁም ከዚህ ተቃራኒውን አድርጓል። ወደ 20 የሚሆኑ ልጆችን፥ አንዳንዶቹን ከታወቁት የባለጸጎች ትምህርት ቤቶች፥ ሌሎቹን ከሠራተኛ ቤተሰቦች ሰብስቦ፥ በአራት ጭፍራ አቀላቅሎ መደባቸው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የእነዚህ ልጆች ወላጆች በአንድ ገበታ የሚቀመጡ አልነበሩም።

አንዳንድ ኃላፊዎች መቀላቀል ጠብን፥ ስርቆትንና በሽታን ያመጣል ይላሉ። ስለ ስርቆትና ስለ በሽታ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም፤ የሴት ልጆች ድንኳን ለብቻው መሆኑና የታመነ ጠባቂ ማግኘቱም ለክርክር የሚቀርብ አይደለም። ስለ ጠብ ግን መልሱ ሌላ ነው። ስለ ጢስ፥ ስለ ጩኸትና ስለ ገመድ የሚነሣው ትንሽ ጠብ ልጆቹ የመጡበት ትምህርት ራሱ ነው። መምህሩ ቶሎ ገብቶ የፈረደ እንደሆነ ትምህርቱን ይቀማቸዋል። ከየድንኳኑ አንድ አንድ ልጅ ተመርጦ እንዲነጋገሩ ቢተዋቸው ግን፥ ማገዶው ነፋስ በሚሄድበት በኩል እንዲሆን፥ መዝሙሩም በስንት ሰዓት እንዲቆም እነርሱ ራሳቸው ይወስናሉ። የወሰኑትንም ከታዘዙት ይልቅ ይጠብቁታል።

ስለ ሰዓት ከተነሣ፥ ካምፓላ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆንዋ ሌሊትና ቀን ዓመቱን በሙሉ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ጨለማው በድንገት ይወርዳል። ባጋንዳዎችም እንደ ኢትዮጵያውያን የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረው ስለሚቈጥሩ፥ በዚያ የሚኖር ሐበሻ በዚህ ረገድ የሚለምደው አዲስ ነገር የለውም። ቁም ነገሩ ድንኳን በብርሃን መተከል ያለበት መሆኑ ነው፤ በጨለማ የደረሰ ሰው የጎረቤቱን ገመድ ይረግጣልና። መጋቢት፥ ሚያዝያና ግንቦት፥ እንደገናም ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ ከነነጐድጓዱ ይበረታል፤ በእነዚህ ወራት ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መስፈር አደገኛ ነው። ከሐይቁ ዳር የሚሰፍሩም ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆቹን ባልተፈቀደ ቦታ እንዳይዋኙ ማስጠንቀቅ አለባቸው። አጐበርም አይረሳ።

የመጨረሻው ጎረቤት ፊቱ የማይታየው ነው፤ ማለት እነዚህ ሲነሡ በዚያው ቦታ ነገ የሚሰፍረው። ለእርሱ ሲባል ጒድጓዱ ይደፈናል፤ አመዱ በውኃ ይጠፋል፤ ካስማው ይነቀላል፤ ቆሻሻውም ተሸክሞ ይወሰዳል። ይህን ሥራ ከቍርስ በፊት መጀመር ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የመጣ እንደሆነ የረጠበ ሸራ ተጠቅሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ይገባል፥ ለሚመጣው ዓመትም በስብሶ ይገኛል።