ዝም ያለችውን ጠይቋት

እህቶቼ፣ እኔም ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ማታ ሥራዬን ስጨርስ የዋትሳፕ ግሩፓችንን እከፍት ነበር። አንዷ ልጇ የ8ኛ ክፍል ፈተና እንዳለፈላት ስትነግረን እልል እንላለን፤ ሌላዋ ደመወዟ ተይዞባት ስታለቅስ አይዞሽ እንላታለን።

ዛሬ በምክር ሥራዬ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ሁልጊዜ የምታወራ ልጅ ድንገት ዝም ስትል «ካርድ አልቆባት ነው» ብላችሁ አትለፏት። ስልኳን ቀምተዋት ወይም ታማ ሊሆን ይችላል።

በቁልምጫ ስሟ ብቻ የምናውቃት ልጅ ከጠፋች ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ከምታምኗት ጓደኛ ጋር የፓስፖርት ስማችሁን፣ የምትሠሩበትን ሰፈርና የቤተሰብ ስልክ ዛሬውኑ ተለዋወጡ። ግሩፑ ላይ ግን አትጻፉት። የእሷንም ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ ስልክ ቢወሰድ በቃል የያዙትን ማንም አይወስድም።