ሳንቲሟ አለች፤ ዋጋዋ ነው የጠፋው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሳንቲም ነው። እስቲ ወንድሜ ኪስህን ዳብስ፤ እህቴ ቦርሳሽን ክፈቺ። ስሙኒ አለ? ሽልንግስ? የለም። ረዳቱ «ዝርዝር የለኝም» ሲል «ተወው» ብለን እንወርዳለን።

አያቴ ሳንቲም የምታጠራቅምበት የወተት ቆርቆሮ ነበራት። ስታርፍ ከፈትነው፤ 60 ብር ገደማ ወጣ። እሷ በደርግ ጊዜ ስታጠራቅመው ለበዓል በግ የሚገዛ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምሳ አያበላም። ማንም አልሰረቃትም። ቁጥሩም አልተነካም፣ አንበሳውም እንዳለ ነው። የተበላው ውስጡ ነው።

ታሪኩን ተመልከቱ። 1936 ዓ.ም. የተቀረጸባት የጃንሆይ ሽልንግ ከእውነተኛ ብር ማዕድን የተሠራች ነበረች። የ1969ኟ መዳብና ኒኬል ሆነች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ብር ራሱ ሳንቲም ሆኖ መጣ። ከወረቀት ወደ ዝርዝር ወረደ ማለት ነው።

ለምን? ምርት ባለበት ቆሞ ገንዘብ ሲበዛ እያንዳንዱ ብር ይቀላል። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ኖሯል፤ ጦርነቱ፣ ድርቁና የምንዛሪው ነገር ተጨመረበት። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። ንረቱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ፣ የ100 ብር ዕቃ በሦስት ዓመት 220 ብር ገደማ ይገባል። ባንክ ያስቀመጥከው 100 ብር ግን በ7 በመቶ ወለድ ቢያድግ ቢያድግ 122 ብር ነው። የቀረውን ማን በላው? ይሄ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። የሚከፍለውም መሬትና ፎቅ ያለው ሰው አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ያለው ድሃ ነው።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ደመወዝ ሲጨመርላችሁ በብር አትቁጠሩት፤ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል ብላችሁ ቁጠሩት። ዕቁባችሁን ሰብስባችሁ ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት፤ የሥራ መሣሪያ፣ ሙያ፣ የሚረባ ከብት አድርጉት። ድምፃችሁን የሚጠይቅ ሁሉ ሲመጣም «የዋጋ ንረቱን በምን ታወርደዋለህ?» በሉት፤ መልሱን በቁጥር ይስጣችሁ።

«ድሃ ስለማይቆጥብ ነው የደኸየው» ለሚላችሁም ንገሩልኝ፦ አያቶቻችን ቆጥበዋል። ገንዘቡ ነው ያልጠበቃቸው።