የታመቀ አየር ኃይሉና ጥንቃቄው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አየር በዓይን አይታይም፥ በእጅም አይጨበጥም። በታመቀ ጊዜ ግን የዛገ ቡሎን ይፈታል፥ ዐለት ይሰብራል፤ ካልተጠነቀቁለትም ሰው ይገድላል። ዛሬ የምንናገረው በሠፈራችን በአዲስ ከተማ በየቀኑ ድምፁን ስለምንሰማው ስለዚህ ኃይል ነው።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ኮምፕሬሰር ሲጮኽ ሳይሰማ አያልፍም። ጎሚስታው ጎማ ይነፋበታል፥ መካኒኩ ቡሎን ይፈታበታል፥ ቀለም ቀቢውም መኪና ይቀባበታል። በነዚህ ቤቶች ሥራ ከሚለምዱት ብዙዎቹ እኩዮቻችን ናቸው። እኛ ስለ ግፊት ከመጽሐፍ ስንማር እነርሱ ከግፊቱ አጠገብ ይውላሉ። ስለዚህ የተማርነውን ማካፈል ይገባናል።

በታመቀ አየር መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. ዤርሜን ሶሜዬ የተባለው መሐንዲስ በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል የሚገኘውን ተራራ በአየር በሚሠራ መሰርሰሪያ ማስበሳት ጀመረ፤ ዋሻውም በ1871 ለባቡር ተከፈተ።

ኃይሉን በሒሳብ እንመልከተው። ግፊቱ 8 ባር ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 8 ኪሎ ያህል ይጫናል። የአየር ማጠራቀሚያው ክዳን ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ስፋቱ 700 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የተሸከመውም ጭነት ወደ 5,600 ኪሎ ይደርሳል። እንግዲህ ብረቱ ከውስጥ ዝጎ ቢሳሳ የሚመጣውን አስቡ።

ዝገቱን የሚያመጣው ውሃ ነው። አየር ታምቆ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ከሥር ይጠራቀማል፤ በክረምትም ይብሳል። ስለዚህ በየቀኑ ከሥራ በኋላ የሥሩን መክፈቻ ቀስ ብሎ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው። ግፊቱ ከወሰን ሲያልፍ አየሩን የሚያስተነፍሰውን ቫልቭም «አፏጨ» ብሎ መድፈን ሞትን እንደ መጥራት ይቈጠራል።

ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየርዋ ግፊት የባሕር ዳርን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩም ማጠራቀሚያውን ለመሙላት ብዙ ይደክማል፥ ይሞቃልም። በዚህ ጊዜ ማጣሪያውን መጥረግና ዘይቱን መመልከት እንጂ ማስጨነቅ አይገባም።

በሥራ ላይ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ መሣሪያ ከመለወጥ በፊት አየሩን ዘግቶ በቱቦው የቀረውን ማስተንፈስ። በግፊት ላይ ሳለ የተፈታ ቱቦ እንደ እባብ እየተወራጨ ይማታል።

ሁለተኛ፥ በአየር ለሚሠራ መፍቻ የተሠራለትን ወፍራም ራስ ብቻ ማግባት፤ የእጁ መፍቻ ራስ ተሰንጥቆ ይፈናጠራል። መፍቻውንም በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ዘይት ማጠጣት ነው።

ሦስተኛ፥ ቀለበት ያለው የከባድ መኪና ቸርኬ ሲነፋ በብረት አጥር ውስጥ አግብቶ፥ በረጅም ቱቦ፥ ከጎን ሆኖ መንፋት። ቀለበቱ ከቦታው ከወጣ ፊት ለፊት የቆመውን አይምርም።

አራተኛ፥ በአየሩ ልብስንና ገላን አለማራገፍ፤ በጓደኛም ላይ አለመቀለድ። አየር በቁስል ገብቶ ከደም ሥር ቢደርስ ይገድላል፤ ዓይንንም ያጠፋል።

አምስተኛ፥ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ማድረግ። ቀኑን ሙሉ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚሰማ ጆሮ ቀስ በቀስ ይደነቍራል።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ከእናንተ መካከል የጋራዥና የሱቅ ባለቤቶች አላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዝዛል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ ማሰማራትን አይፈቅድም። ለመነጽር የሚወጣው ገንዘብ ከትርፍ የሚቀንስ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የተቀደደ ጎማ ይለጠፋል፥ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።

እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እነዚህን አምስት ነገሮች በትልልቅ ፊደል ጽፈን ለየጎሚስታው ቤት ለማደል አስበናል። ስናመጣላችሁ በግድግዳችሁ ላይ እንድትለጥፉልን፥ ማንበብ ላልቻለውም እንድታነቡለት በትሕትና እንለምናችኋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና የሚደክሙትን እጆች ሁሉ ይጠብቅ።